ሳጥን ለምን ተውክ?

ድሬዳዋ፣ መጋላ
ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሱሀይራ፣

ልጅሽ በሕይወት አለ። ሰላምታውን በኋላ አደርሳለሁ፤ አንቺ መጀመሪያ የጠየቅሽው ይህንን ነውና መጀመሪያ የሚመለሰውም ይኸው ነው። አለ። ይጠባል፣ ይጮኻል፣ ያለ ምንም እፍረት ሰው ላይ ይሸናል። ትናንት እኔ ላይ ሸንቷል። ወላሂ ብዬ ምያለሁ፤ ከዚህ በላይ መሐላ የለኝም። አክስትሽ ዓናብም ሆነች ዶክተሯ የነገሩሽ እውነት ነው፤ እኔን ጠይቀሽ ማረጋገጥሽ ግን አልከፋኝም።

አሁን ሰላምታ። አሰላሙ ዐለይኪ ልጄ። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እህል ትቀምሻለሽ? ከሆስፒታል ወጥተሽ ቤቷ እንደገባሽ ዓናብ ነግራኛለች፤ አልሐምዱሊላህ። ስልክ ለምን እንደማትፈልጊም ነግራኛለች። ፊት የሌለው ድምፅ በበሽታሽ ጊዜ ትሰሚያቸው የነበሩትን ይመስልሻል አለች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አልገባኝም፤ ተቆጥቼ ነበር። አባት ደውሎ ልጅ አታነሳም? ኋላ ሳቢሪን አስረዳችኝ። ስለዚህ ወረቀት ይሁን ተባለ። ወረቀት ከከበደሽ ታጥፊዋለሽ ብላለች አሉ ዶክተሯ። ይህቺ ሴት ጭንቅላት አላት።

እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ፤ አላፍርበትም። የምትጽፍልኝ ሳቢሪን ናት፤ ያቺ አብራሽ የተማረችው፣ ባሏን ፈትታ ከመስጊዱ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተችው። ምላሷ እንደ ድሮው ነው። አሁን እንኳ፣ እንደ አጎቷ ቆጥራ፣ “አዴር ፋራህ፣ ቀስ በል፣ እጄ ማሽን አይደለም” አለችኝ። በማሽን እንጀራ የምትበላ ሴት እንዲህ ትላለች። የምናገረውን ሳትጨምርም ሳትቀንስም እንድትጽፍ አስምያታለሁ፤ ይህንንም ጽፋዋለች።

ማን እያጠባው ነው ላልሽው፣ ሃሊሞ ናት። ግድግዳ የምንጋራት፣ የግመል ወተት ከቢዮ አዋሌ እያስመጣች የምትሸጠው። የራሷ ሴት ልጅ ገና ጡት ላይ ናት። አንቺን ወደ አዲስ አበባ የወሰዱሽ ዕለት የልጁን ጩኸት በግድግዳው ሰምታ መጣች። ማንንም አልጠየቀችም፤ ተቀምጣ ጡቷን አወጣች። አንተ ፈቅደህ ነው ወይ ብለሻል። አዎ፣ ልጁ ጠግቦ ከተኛ በኋላ ፈቀድኩ። በሃይማኖታችን የጡት እናቱ ሆናለች፤ ልጇም እህቱ ናት፣ ሊያገባት አይችልም። አንዲት ሙሽራ ቀነስንበት። ይቻላል፤ ድሬዳዋ ሴት አይጠፋም።

አዩብ ብሎ ስም ያወጣለት ሙስአብ ነው፣ ባልሽ፣ በሰባተኛው ቀን። አንቺም በዚያ ተቀምጠሽ “አሚን” ብለሻል። አታስታውሺውም፤ ግን ብለሻል።

ሕመምሽን ሰፈርተኛው ጂን ነው ይላል። በኪኒን የሚሸሽ ጂን ምን ጂን ነው ብያቸዋለሁ።

ሥራዬን ጠይቀሻል። ደህና ነው። ሳጥን መሥራት ትቻለሁ። አሁን የከሰል ምድጃና ባልዲ ነው የምቀጠቅጠው።

ስለ ግራ እጅሽ ጣቶች የጠየቅሽውን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። ወረቀቱ አልቋል። ሳቢሪን ወረቀት ሞልቷል ትላለች። አልቋል ብያለሁ።

አባትሽ ፋራህ


አዲስ አበባ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

አቦ፣

ዐለይከ ሰላም። የመጀመሪያውን ወረቀት ያለ ሰላምታ ስለጀመርኩት ይቅርታ አድርግልኝ። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር በውስጤ የነበረው፤ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበረኝም።

እንቅልፌን ጠይቀኸኛል። እተኛለሁ። ኪኒኑ እንደ ድንጋይ ይጥለኛል፤ ጠዋት ስነሳ ምላሴ ወፍሮ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ወፍሬያለሁ። ብታየኝ ያማታል አትልም። ዶክተሯ ግን እንቅልፍ ለአንቺ ሥራሽ ነው ብላኛለች። ይህ በሽታ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሰርቀው እንቅልፍን ነውና አንድ ሌሊት ሳልተኛ ባድር ነግቶ ሳይመሽ ለእሷ ወይም ለሰው እንድናገር አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ ዓናብ ማታ ማታ በሬን ገፋ አድርጋ ታየኛለች። የተኛሁ እመስላለሁ። አንዳንዴ እውነትም ተኝቼ ነው።

ወተቴ ደርቋል። ለመድኃኒቱ ሲባል ነው ያደረቁት። ሃሊሞን አመስግንልኝ። ስታመሰግንልኝ “ሱሀይራ ታመሰግንሻለች” በላት፤ “ደስ ብሏታል” ግን አትበል።

ሙስአብ ይደውላል። ለዓናብ ነው የሚደውለው። “ተሻላት?” ይላታል። እሷም ተሻላት ትለዋለች። ከዚያ ስለ አየሩ ያወራሉ።

የስም ማውጣቱን ቀን አላስታውስም። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ስለ እኔ ሲያወራ አስታውሳለሁ፤ ዶክተሯ ያም የበሽታው ነው ትላለች። ከዚያ ወዲያ የለም። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ሆስፒታል፣ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ነው።

አቦ፣ ሳጥን ለምን ተውክ? የመጋላ ሙሽራ ሁሉ ያንተን የቆርቆሮ ሳጥን ይዛ አይደል ባሏ ቤት የምትገባው? “የእኔን ክዳን ጉንዳን አያልፈውም” ስትል ነው ያደግኩት። ሰው ሲሞት እንጂ በደህናው እንዲህ ያለ ሥራ ይተዋል?

ፋሻው ሲፈታ አራቱም ጣቶቼ ላይ አንድ መስመር አለ። ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል። ዶክተሯን ስጠይቃት ያየ ሰው ቢነግርሽ ይሻላል አለችኝ። ያየኸው አንተ ነህ።

የጠየቅኩህ ሁለት ጥያቄ ነው ወይስ አንድ?

ልጅህ ሱሀይራ


ድሬዳዋ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሱሀይራ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁለት ጥያቄ ነው። ጣትሽን የቆረጠሽ ላሜራ ነው። ግቢያችን ላሜራ የሞላበት ነው፤ አንቺም የቆርቆሮ ቀጥቃጭ ልጅ ነሽ፤ ይቆርጣል። ሳጥን የተውኩት አርጅቼ ነው።

እዚህ ላይ ሳቢሪን ብዕሯን አስቀመጠች።

“ምን ሆንሽ?” አልኳት።

“ግማሹን ልታስጽፈኝ ነው፣ አዴር ፋራህ?”

“ላሜራ አይደለም የቆረጣት? ዋሸሁ?”

“አልዋሸህም። እንዴት ቆረጣት የሚለውን ነው የዘለልከው።”

“አንቺ ጸሐፊ ነሽ ወይስ ቃዲ?”

“ጸሐፊ ነኝ። ቃዲ ብሆን ኖሮ ምለህ ነበር የምትናገረው።”

እንደዚህ ነው የምትናገረኝ። በሽምግልናዬ። ቢሆንም ጻፊ ስላት ጻፈች፤ የተባባልነውንም ጻፈችው። እንግዲህ አንብቢው።

ሌላ ወሬ አለ፤ ይህንን መደበቅ አልችልም። ባለፈው ዓርብ ሙስአብ ከጅጅጋ መጣ። የመጣው በሰው መኪና ነው፤ እናቱ ከኋላ ተቀምጣለች፣ አልወረደችም። “ልጁን እናቴ ጋ ልወስደው ነው” አለኝ። “ሱሀይራ መቼ እንደምትድን አይታወቅም። ልጄ በጎረቤት ጡት ማደግ የለበትም።” እኔ የመለስኩለትን ሳቢሪን አልጽፍም ብላለች፤ በዚህስ ልክ ናት።

ድምፃችንን ሰምታ ሃሊሞ ወጣች። ልጁ ጡቷ ላይ ነው፤ አልነቀለችውም፤ እንዲሁ ሻርፗን ጣል አድርጋበት መንገዱ መሃል ቆመች። “ዋርያ፣ አንተ ሙስአብ!” አለችው። “ይህ ልጅ ምሳው ላይ ነው። የጡት እናቱ ነኝ፤ ጡቴ የማይሄድበት አገር አይሄድም። ልትወስደው ከሆነ እኔንም ጫነኝ። ባሌን የምታስረዳው ግን አንተ ነህ።” መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ሙስአብ ፊቱ ተለወጠ። ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ ሕፃን ከሚጠባው ጡት በጉልበት አይነጠልም አሉ። እሱ ግን ክፉ ልጅ አይደለም፣ ፈርቷል እንጂ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት፣ “እስከ ረመዳን እጠብቃለሁ” አለኝ። “ጨረቃዋ ስትታይ ሱሀይራ መጥታ ልጇን ካልያዘች እወስደዋለሁ። ወተት በጡጦም ይጠጣል።”

እኔ ሃሊሞ ለእኔ የቆመች መስሎኝ ነበር። መኪናው እንደሄደ፣ በይ እንግዲህ ስጪኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌሊት እኔ ጋ ይደር አልኳት። “ለአንተም አልሰጥህም” አለችኝ። “ለእሱም አልሰጠሁት። ይህን ልጅ የምሰጠው በር ድረስ መጥታ፣ በገዛ አፏ ለምትጠይቀኝ ለአንዲት ሴት ነው። ስለ እሷ ሆኖ የሚጠይቀኝን ማንንም አልሰማም።”

ነገሩ ይኸው ነው። ነይ። አባት ነኝ፤ ነይ ስል ትመጫለሽ።

ፋራህ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

አቦ፣

አልመጣም። ሙስአብ ይውሰደው። ለሃሊሞም ንገራት፣ አትጠብቀኝ።

እጄን ምን እንዳገኘው እያወቅክ የምትዘለው ለምን እንደሆነ የማይገባኝ ይመስልሃል? ባለፈው ሳምንት የዓናብ ጎረቤት ቡና ልትፈጭ፣ “እስቲ ያዥልኝ” ብላ ሕፃኗን ዘረጋችልኝ። ሁለት እጆቼን ከኋላዬ ደበቅኳቸው። ሴትዮዋ ሳቀች። ዓናብ አልሳቀችም።

አንተ ያልነገርከኝን ነገር እኔ በየቀኑ እፈጥረዋለሁ። አንድ ቀን ደቻቱ ወንዝ ወርጄ አሸዋው ላይ ጥዬው ሄጃለሁ። አንድ ቀን እሳት ነው። አንድ ቀን ከእጄ ቢላ ሲቀሙኝ ነው። ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፤ ስላልነገርከኝ ግን ሁሉንም አድርጌዋለሁ።

ዶክተሯ ዳንሽ አላለችኝም፤ ወደ ልጅሽ መመለስ ትችያለሽ፣ ሰው አጠገብሽ ካለ፣ ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ በውስጤ የማላውቃትን ሴት ይዤ ልጄ አጠገብ አልሄድም።

እስክትነግረኝ አልጽፍልህም።

ሱሀይራ


ድሬዳዋ
ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሱሀይራ፣

ጉልበቴን አሞኝ ነው የዘገየሁት ልል ነበር። ጉልበቴ ደህና ነው። ተቆጥቼ ነበር፤ ከዚያ ቁጣው ሲያልቅ ምን ብዬ እንደምጀምር አጣሁ። መዶሻ ይዤ አፍሬ አላውቅም፤ ምላስ ይዤ አፈርኩ።

ሳቢሪን ሱቋን ዘግታለች። ሻይ አስቀርባለች። እንግዲህ ስሚ።

ከስም ማውጣቱ በኋላ መተኛት ተውሽ። ቤቱን ትጠርጊያለሽ፤ የጠረግሽውን መልሰሽ ትጠርጊያለሽ። በር ላይ ሰዎች ቆመዋል ትያለሽ፤ ወጥቼ አያለሁ፣ ማንም የለም። ሙስአብ ለሥራው ጅጅጋ ተመልሷል። እናትሽ ብትኖር ታውቀው ነበር። እኔ፣ አራስ ናት፣ ደክሟት ነው፣ አርባዋ ሲወጣ ይለቃታል አልኩ። ሰው ሲጠይቀኝም እንደዚያው አልኩ።

ያን ጠዋት ላሜራ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ቤቱ ጭጭ ብሏል። አንቺ ግቢ ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀምጠሻል። ለቀፊራ ሰፈሯ ሙሽራ የጨረስኩት፣ ሰማያዊው፣ ቀይ አበባ ያለበት።

“ልጁስ?” አልኩሽ።

የቀኝ እጅሽን ጣት ከንፈርሽ ላይ አደረግሽ። “እሽሽ፣ አቦ፣ ይሰሙሃል።”

“እነማን?”

“ሊወስዱት የመጡት።”

“የት አለ?”

በተረከዝሽ ሳጥኑን መታ መታ አደረግሽው።

የእኔን ክዳን አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የኮራሁበት ነው። ሲዘጋ አየርም አይወጣው። ወደ ክዳኑ ሮጥኩ። ያን ጊዜ ነው ግራ እጅሽን ያየሁት። አራቱ ጣቶችሽ ከክዳኑ ሥር ገብተዋል፤ አንቺ ከላይ ተቀምጠሻል። ላሜራው አጥንት ደርሷል፤ ደሙ በአበባው ላይ ወርዷል። ያመመሽ አትመስይም። ተነሺ አልኩሽ፤ እምቢ አልሽ። ገፍቼ ጣልኩሽ። አዎ፣ አራስ ልጄን ገፍቼ መሬት ላይ ጣልኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። አዩብ በሻርፕሽ ተጠቅልሎ በጀርባው ተኝቷል። አልቦታል፣ ፊቱ ቀልቷል። ብርሃኑ ሲነካው አስነጠሰ።

የተነፈሰው በዚያች ክፍተት ነው። ጣትሽ ባይኖር ክዳኑ ይገጥም ነበር። እንዴት እንደሚገጥም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እጅሽን አውቀሽ ነው ያስገባሽው ወይስ ክዳኑ ነው ሲወርድ የያዘሽ? ይህንን አላውቅም። ሳቢሪን አሁን፣ “የእናት ልብ ነው በላት፣ አዴር” ብላኛለች። አልልም። ያየሁት ጣት ነው፤ ልብ አላየሁም። ላሳምርልሽ ብችል አሳምርልሽ ነበር፤ ግን ካሳመርኩት ነገ አታምኚኝም።

ሳጥኑን ቀጥቅጬ ቀጥቅጬ ጠፍጣፋ አደረግኩት። የቀፊራዋ ሙሽራ በሌላ ሰው ሳጥን ተዳረች። ከዚያ ወዲህ ክዳን ያለው ነገር አልሠራም።

አንድ ጥያቄ ነው። ልክ ነበርሽ።

አባትሽ


አዲስ አበባ
ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

አቦዬ፣

ሰላም ለአንተ፣ ለጉልበትህም። ለሳቢሪንም፣ ሱቋን ስለዘጋችልኝ።

አነበብኩት። ዓናብ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ለዶክተሯ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ሰማያዊው ሳጥን ላይ ስደርስ ወረቀቱን ሰጠኋት፣ እሷ ጨረሰችው። ያን ማታ እንቅልፍ ታጣለች ብለው ሁሉም ሲጠብቁኝ ተኛሁ። የተሰማኝን ብነግርህ ታዝንብኛለህ፤ እፎይ ነው ያልኩት። ወንዙ ቀረ። እሳቱ ቀረ። ቢላው ቀረ። አንድ ሳጥን ብቻ ነው የቀረኝ።

በማግስቱ ግን አለቀስኩ፤ ቀኑን ሙሉ። ስላየኸው አይደለም፣ ብቻህን ይዘኸው ስለከረምክ።

አንድ ነገር ትዝ ብሎኛል። ለምን ሳጥን እንደሆነ። “አቦ የሠራው ውስጥ ምንም አይገባም” ብዬ ነበር። ከዓለም ሁሉ እሱ ብቻ ነበር የማይከዳ የመሰለኝ። ልጄን ልገድለው የደረስኩት አንተን አምኜ ነው። ይህንን የምጽፈው ልወቅስህ አይደለም፤ ከእንግዲህ ወዲያ የምንደባበቀው እንዳይኖር ነው። ጣቴን ግን አላስታውስም። ለሳቢሪን ንገራት፣ እኔም አላውቅም። ክዳኑ ይዞኝ ሊሆን ይችላል። እንዲሁ ሳላውቅ መኖርን መልመድ አለብኝ።

ልመጣ ነው። ነይ ብለህ እንደጠየቅከኝ፣ እኔም የምጠይቅህ አለ። መድኃኒቱን በየማታው ዓይንህ እያየ ነው የምውጠው፤ “አሁንማ ድነሻል፣ ተዪው” የሚል ጎረቤት ቢመጣ አንተ ነህ የምታባርረው። ልጁን ይዤ ብቻዬን ቤት አልቀመጥም፣ ለጊዜው። ዋናው ግን ይህ ነው፦ አንድ ሌሊት ሳልተኛ ካደርኩ፣ ወይም በር ላይ ሰዎች አሉ ካልኩህ፣ “ደክሟት ነው” እንዳትል። ለሰው “ደህና ናት” እንዳትል። ያንኑ ጠዋት ለዶክተሯ ደውል፤ መኪና ጥራ ካለችህ ጥራ፣ መጋላ በሙሉ በር ላይ ወጥቶ ቢያይም። ብለምንህም፣ ብሰድብህም።

ኩራትህን አውቀዋለሁ፤ እኔም የወረስኩት እሱን ነው። ትችላለህ? እችላለሁ ለማለት ብቻ እችላለሁ አትበለኝ።

መኪና ተራ ልጁን ይዛችሁ እንዳትቀበሉኝ። ሃሊሞ በር ራሴ እሄዳለሁ።

ሱሀይራ


ድሬዳዋ
ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሱሀይራ፣

እችላለሁ። ዝም ብዬ እንዳልኩት እንዳይመስልሽ፣ ያደረግኩትን ስሚ።

ትናንት ከሰዓት የመንገዳችን ሰዎች ለበርጫ ተሰብስበው ጫታቸውን ይዘዋል። እኔ እንደማልቅም ያውቃሉ፤ ስገባ ገንዘብ ልለምን የመጣሁ መሰላቸው። አልተቀመጥኩም። “ልጄ ሱሀይራ ወልዳ አእምሮዋን ታማ ነበር” አልኳቸው። “እኔ ደክሟት ነው ስላችሁ የከረምኩት ውሸት ነው። በሽታ ነው፣ ሐኪም አለው፣ መድኃኒት አለው። ከረመዳን በፊት ትመጣለች። ነገ ከነገ ወዲያ ቢመለስባት በጠራራ ፀሐይ መኪና እጠራለሁ። ማየት የሚያሳፍረው ካለ በሩን ይዝጋ።”

አንዱ፣ “ግን አዴር፣ ጂን እኮ...” ብሎ ጀመረ። “ያንተ ጂን ጉንጭህ ውስጥ ነው፣ እሱን ትፋና እናወራለን” አልኩት። ሳቁ። ከዚያ ያልጠበቅኩት ሆነ። ያ ወፍራሙ ጨርቅ ነጋዴ ተነስቶ ተከትሎኝ ወጣ፤ መንገድ ላይ እጄን ያዘኝ። “ሚስቴም ሁለተኛውን ስትወልድ እንደዚያ ሆና ነበር። ለማንም አልተናገርኩም” አለኝ። ከዚያ ተመልሶ ገባ።

ለሙስአብም አስደውያለሁ። ይምጣና በዓይኑ ይይ። ሃሊሞ ስለ መምጣትሽ ስነግራት የልጁን ጆሮ ማጠቧን ቀጠለች።

መልካም መንገድ ያድርግልሽ። መኪና ተራ አልቀበልሽም፤ እንዳልሽው።

ፋራህ


ድሬዳዋ
የካቲት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሱሀይራ ልጄ፣

ተመልሰሽ ከሄድሽበት ከአዲስ አበባ በላክሽው ወረቀት፣ ሃሊሞ በር ላይ ምን እንዳልሽ ጠይቀሽኛል። ስለረሳሽው ፈርተሻል። አትፍሪ፤ ያ የድንጋጤ ነው፤ እኔም የኒካሄን ቀን ግማሹን አላስታውሰውም። እዚያው ነበርኩ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ።

የመጣሽ ዕለት ሻንጣሽን እኔ ጋ አስቀምጠሽ ወጣሽ። ሙስአብ ከአጥሩ ጋር ቆሟል። በሩ ክፍት ቢሆንም አንኳኳሽ።

“ማነው?” አለች ሃሊሞ፣ እያየችሽ።

“ሱሀይራ ነኝ።”

“ሱሀይራን አውቃታለሁ። ምን ፈለግሽ?”

“ልጄን።”

“ምን ልታደርጊው?”

ሙስአብ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ፣ “አላውቅም” አልሽ። “ልይዘው። ስጪኝ። ግን ጠጋ ብለሽ ቁሚ።”

ሃሊሞ አንቺን ሳይሆን እኛን ሁለታችንን ዞር ብላ አየችን፤ “ሰማችሁ?” አለች። ሰጠችሽ። እጇንም ከእጅሽ ሥር አደረገች። ልጁ አያውቅሽምና ጮኸ። ፊቱ እስኪጠቁር ጮኸ። እኔ እንኳ ተቀበሏት ልል ነበር። አልመለስሽውም። ጮሆ ጮሆ ደከመውና አንገትሽ ሥር አንቀላፋ። አንቺም ቆመሽ ቀረሽ፤ ተቀመጪ ብንልሽ እምቢ አልሽ። ያልሽውም ያደረግሽውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁጣሽ ልምጣ። “ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ መኪና ትጠራብኛለህ?” ብለሻል። አዎ። ጾም በገባ በሳምንቱ ሌሊቱን ሙሉ ስትጠርጊ ሰማሁሽ። ሱሑር የሚበላበት ሰዓት ሲደርስ ሰዎች በር ላይ አሉ አላልሽኝም፤ ግን በሩን ደጋግመሽ አየሽው። ነጋ፣ ደወልኩ፤ ዶክተሯ አምጧት አለች። ሰደብሽኝ። እንደምትሰድቢኝ ነግረሽኝ ስለነበር አልከፋኝም፤ ትንሽ ከፋኝ። መንገዱ ሁሉ ወጥቶ አየ። ያ ጨርቅ ነጋዴ ሻንጣሽን ይዞ መኪናው ድረስ ወጣ። የሳቀ የለም። ቢኖርም አላየሁትም።

ዓናብ መድኃኒቱ ተስተካክሎልሽ እየተኛሽ ነው አለችኝ። ደግሞ ይመለስ ይሆን? ይመለስ ይሆናል። ከተመለሰ እጠራለሁ። ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም።

ሙስአብ፣ መኪናው እንደሄደ፣ “አየህ?” አለኝ። “አየሁ” አልኩት። “አልተኛችም፣ ጠራሁ፣ ሄደች፣ ትመለሳለች። አንተስ ምን አየህ?” ሄዶ ሃሊሞን፣ እንግዲህ ልውሰደው አላት። እሷም፣ “እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?” አለችው። “ልጁን ተጠይቄ፣ በሁለት ምስክር ፊት ሰጥቼዋለሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ማጥባት ብቻ ነው ሥራዬ። ከፈለግክ አዲስ አበባ ሂድና እናቱን ለምናት።” ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሳቢሪንን ጠየቃት። ሊለምን ይሁን ሊጣላ አላውቅም። በር ላይ ከመጣ ዓናብ አጠገብሽ ትቁም፤ የምትመልሽለት አንቺ ነሽ። እኔ ስለ አንቺ ሆኜ አልመልስም።

ስልክ ማንሳት እንደጀመርሽ ነግራኛለች ዓናብ። ጥሩ ነው። እኔ ግን ወረቀት ለምጃለሁ፤ ሳቢሪንም ከእኔ ሌላ የሚሰድባት ደንበኛ የላትም።

አዩብ ሁለት ጥርስ አውጥቷል። የያዘውን ሰው ሁሉ ትከሻ ይነክሳል። እኔን ነክሶኛል። ሳቢሪንን ነክሷል። ሃሊሞማ የተነከሰችበትን ቦታ አልናገርም፤ “እናቱን ይንከስ እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ!” እያለች ግድግዳውን ትደበድብብኛለች።

ዶክተሯ ሂጂ ያለችሽ ዕለት ነይና ተነከሺ።

አባትሽ ፋራህ